ነዳጅ ቀድቶ ሂሳብ መክፈል፦ ከካዛንቺስ እስከ ቨርጂኒያ
(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል። ርዕሱን ስነግራቸው አንዷ የኮሚቴ አባል «ሰው ናፍቆቱን ሊወጣ በመጣበት ቀን ስለ ነዳጅ ክፍያ ልታወራ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሐሙስ ዕለት አንድ ነገር ደረሰና ርዕሱን ላለመቀየር ወሰንኩ።

ከቨርጂኒያ የመጣ የክፍል ጓደኛችን እዚሁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፤ ራሱ እጁን ካወጣ ግን አልከለክለውም። ሐሙስ ጠዋት መኪና ተከራይቶ ያደገበትን ሰፈር ሊያይ ወደ ካዛንቺስ ወጣ። እንደምታውቁት ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው። የእኛ ሰው ግን የጣሊያኑንም የእናቱንም ቤት አላገኘም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲፈርስ እሱ እዚያ ማዶ ነበር፣ ፎቶ ብቻ ነው ያየው። «ቤታችን የነበረበትን ለማወቅ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ተነስቼ በእግር መቁጠር ነበረብኝ» አለኝ። እንዲህ ሲዞር ሲዞር የነዳጁ መብራት በራበት። ማደያ ገባና ደወለልኝ።

«ስማ፣ ካርዴን ሰጠኋቸው፣ አንቀበልም አሉ። እሺ ብዬ ብር አወጣሁ፣ ብርም አንቀበልም አሉ። የኢትዮጵያ ማደያ የኢትዮጵያን ብር ካልተቀበለ ምን ልስጠው?»

ያው ካርድ ማታ ባደረበት ሆቴል ያለ ምንም ችግር ሠርቶለት ነበር። ልዩነቱን በስልክ ሳስረዳው ኋላው የተሰለፉት ጥሩምባ ሲነፉ ይሰማኛል። ሩቅ ስላልነበርኩ ሄድኩ። ቀጂዋ የሰሌዳውን ቁጥር አስገባች፣ እኔ በስልኬ የሚስጥር ቁጥሬን አስገባሁ፣ አለቀ። እሱ ዶላር ሊሰጠኝ ሲል እምቢ አልኩት። «ዕዳዬን እየከፈልኩ ነው» አልኩት፤ ገባውና ዝም አለ።

የዕዳው ታሪክ ይሄ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ አንድ ባንክ ካርድ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር፣ የባንኩን ስም ይቅር በሉኝ። ይሄ ወዳጃችን ለሥልጠና ወደ አሜሪካ ሲሄድ ለተጓዦች የምንሰጠውን፣ ገንዘብ ቀድሞ የሚሞላበትን ካርድ ያወጣሁለት እኔው ነኝ። «ጥሬ ገንዘብ ይዘህ አትንከራተት፣ ይሄ በቂህ ነው» ብዬ አሳምኜ። አንድ ሌሊት፣ እዚህ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ስልኬ ጮኸ። እዚያ አመሻሽ ነው። ባለቤቱንና ሁለት ትንንሽ ልጆቹን ጭኖ፣ ነዳጅ አልቆበት፣ ሰው በሌለበት ማሽን ፊት ቆሟል።

ማሽኑ መጀመሪያ ዚፕ ኮድ ጠየቀው። እዚያ አገር ሰው የሚኖርበት አካባቢ ባለ አምስት አሃዝ የፖስታ ቁጥር አለው፤ ካርዱ የተሰረቀ አለመሆኑን በእሱ ያጣራሉ። ወዳጄ ምን አስገባ መሰላችሁ? የመሥሪያ ቤቱን የፖስታ ሳጥን ቁጥር! መቼም ከኢትዮጵያ ለሄደ ሰው ትክክለኛው መልስ ይሄ ነው። ማሽኑ ግን አልተስማማም። ሌላ ማሽን ሞከረ፤ ያኛው ኮድ አልጠየቀም፣ ካርዱን ግን መለሰው። እኔ ደግሞ በእንቅልፍ ልቤ ምን አልኩት? «ካርድህ ደህና ነው፣ ገንዘብም አለህ፣ ከእኛ በኩል ችግር አይታየኝም።» ስልኩን ዘግቼ ተኛሁ።

ከአጠገቡ ቤንዚን ይቀዳ የነበረ ሐበሻ የታክሲ ሾፌር በራሱ ካርድ ሞላለት። ስሙን እንኳ አልነገረውም።

ችግሩ ምን እንደነበረ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው፤ ይሄን ቀስ ብዬ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ዛሬም ከእናንተ ስንቶቻችሁ ትጓዛላችሁ። ሱቅ ውስጥ ካርድ ስትሰጡ ሂሳቡ አስቀድሞ ይታወቃል። ማደያ ላይ ግን ማሽኑ ስንት ሊትር እንደምትቀዱ አያውቅም። ስለዚህ ቧንቧውን ከመክፈቱ በፊት «ይህን ያህል ገንዘብ አለው ወይ?» ብሎ ባንኩን ይጠይቃል፣ ያንንም ያህል ያስይዛል። ከ2022 እንደ አውሮፓውያኑ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚያዘው ገንዘብ እስከ 175 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ አነስ ይል ነበር። የ20 ዶላር ነዳጅ የሚፈልግ ሰው ካርዱ ላይ 60 ዶላር ቢኖረውም ማሽኑ ይመልሰዋል። ቢሳካለት እንኳ የተያዘው ትርፍ ገንዘብ እስኪለቀቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ በጀቱ ቁጥር ቁጥር ለሆነ መንገደኛ ይሄ ቀላል አይደለም። መፍትሔው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ውስጥ ግባና ለካሸሩ የ20 ዶላር ቁረጥልኝ በለው።» ያኔ ሂሳቡ ይታወቃል፣ ካርዱም ይሠራል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ነው ያላወቅኳት። ካርዱን ስሸጥ ግን የማውቅ ነበር የምመስለው።

የመንገድ ክፍያም የራሱ ጣጣ አለው። ፈረንሳይ አገር አውራ ጎዳና ላይ ያሉት የክፍያ በሮች ሰልፍ እንዳይፈጠር ባንኩን ሳይጠይቁ ካርድ የሚያሳልፉ ሆነው ነው የተሠሩት፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍያ ባንኩ ካልተጠየቀ አልሠራም የሚሉትን የካርድ ዓይነቶች አንቀበልም ይሉ ነበር። ዱባይ ደግሞ በርም የለም፣ ካሸርም የለም። «ሳሊክ» የሚባለው ከ2007 እንደ አውሮፓውያኑ ጀምሮ መኪናው መስታወት ላይ የተለጠፈውን ያነባል፤ መኪና የተከራየ ሰው ሂሳቡን የሚያየው መኪናውን ሲመልስ ነው። ቨርጂኒያም ብዙው መንገድ ወደዚያ እየሄደ ነው፦ ካሜራው ሰሌዳህን ያነሳል፣ ደረሰኙ ለአከራዩ ይሄዳል፣ አከራዩ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል። ብዙዎቻችን መስኮት ዝቅ አድርጎ ገንዘብ መስጠት ነው የለመድነው፤ መስኮቱ በሌለበት አገር እንደባበራለን።

የእኛው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ በ2014 እንደ አውሮፓውያኑ ሲከፈት፣ መግቢያው ላይ ካርድ ተቀብሎ መውጫው ላይ በተጓዘው ርቀት መክፈል ለሁላችንም አዲስ ነገር ነበር። አንድ የማውቀው ሰው ሲወጣ ሠራተኛዋ «ካርድ» ብትለው የባንኩን ኤቲኤም ካርድ አውጥቶ ሰጣት። የሚስጥር ቁጥሩንም ሊነግራት ነበር አሉ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በዕድሜ ጠና ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፣ በደርግ ጊዜ ነዳጅ በኩፖን ነበር፤ ገንዘብ ኖሮህ ኩፖን ከሌለህ መኪናህ ትቆማለች። የመንግሥት መኪኖች ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በኩፖን ሲቀዱ ኖረዋል። ስለዚህ «ገንዘብ አለኝ ግን አልተሸጠልኝም» የሚለው እሮሮ አዲስ አይደለም። አዲሱ መሣሪያው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ። በሐምሌ 2014 መንግሥት ለሕዝብ ማመላለሻ ያነጣጠረ የነዳጅ ድጎማ ሲጀምር፣ ድጎማው የሚያልፈው በቴሌብር ሆነ። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ጀምሮ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከሚያዝያ 30 ጀምሮ በመላ አገሪቱ፣ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሸጥ ተባለ።

እኔ ይሄን ውሳኔ ሲወጣ ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም መሠረቱን እደግፋለሁ። ነዳጅ የሚገባው በብርቅ የውጭ ምንዛሪ ነው። በየት ገብቶ በየት እንደወጣ ካልታወቀ በጄሪካን ተጭኖ ድንበር ይሻገራል። ሰሌዳና ክፍያ ሲገናኙ ቢያንስ ዱካ ይኖራል። ደግሞ የብሩን ነገር እዩት፦ በሐምሌ 2014 የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በጥር 2017 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። 40 ሊትር ለመቅዳት ከ4,000 ብር በላይ፣ ማለት ከሃያ በላይ ባለ ሁለት መቶ ኖት መቁጠር ነው። ቀጂዎቹ ያንን ሁሉ ብር በወገባቸው ታጥቀው ሌሊት ሲቆሙ ማየት ያስፈራ ነበር።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ መንገድ ብቻ ትተን ሌላውን ስንዘጋ፣ ያ መንገድ የተዘጋ ዕለት ምን እናደርጋለን?

አምና በክረምት እናቴ ሌሊት ላይ ትንፋሽ አጠራትና ወደ ሆስፒታል ይዣት ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ያለው ነዳጅ አያደርሰኝም። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ ማደያ ክፍት አገኘሁ። ስልኬን ስከፍት ኢንተርኔት የለም። ኪሴ ውስጥ 3,000 ብር አለ። ቀጂዋ ልጅ እግር ናት፣ ብሩን አሳየኋት፣ ለመንኳት። እጇን ወደ ኋላ አደረገች። «ጋሼ፣ ብቀበልዎት ከሥራ እባረራለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። ልጅቷ ላይ አልፈርድም፤ ትክክል ናት። በካርድና በክፍያ ሥራ ያረጀሁት ሰውዬ እዚያ ብርድ ላይ ቆሜ፣ እናቴ ኋላ ወንበር ላይ እያቃሰተች፣ የምለው ጠፋኝ።

ከዚያ ልጅቷ «ጋሼ፣ ኮከብ 127 መሰላል አይሞክሩም? እሱ ኢንተርኔት አይፈልግም» አለች። ሞከርኩ፣ ሠራ። እናቴ ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዛሬም ሰላምታ ልካላችኋለች። ግን አስቡት፣ ያቺ ልጅ ባታውቅስ? የጠፋው ኢንተርኔቱ ብቻ ሳይሆን የስልኩ መስመር ራሱ ቢሆንስ? ባትሪዬ አልቆ ቢሆንስ? ለሁለተኛ ጊዜ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች የጎደለችኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ማሽን ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ።

ኬንያን ተመልከቱ። ኤምፔሳን በ2007 እንደ አውሮፓውያኑ የጀመረች፣ የሞባይል ገንዘብ ለዓለም ያስተማረች አገር ናት። ናይሮቢ ማደያ ስትገባ ግን ኤምፔሳም፣ ካርድም፣ ሽልንግም ይሠራል። ሰው ወደ ስልኩ የሄደው ስለቀለለው እንጂ ሌላው ስለተዘጋበት አይደለም። የእኛ ሁኔታ እንደሚለይ አውቃለሁ፣ ድጎማም የኮንትሮባንድ ችግርም አለብን። ቢሆንም ለድንገተኛ ጊዜ ጥቂት ሊትር፣ ሰሌዳውና መታወቂያው ተመዝግቦ፣ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ የሚቻልበት ቀዳዳ ማበጀት አይከብድም። ማደያዎች ላይ የባንክ ካርድ የሚያነበው ማሽንም ቢኖር፣ ሐሙስ ዕለት ወዳጃችን ያን ሁሉ ጥሩምባ ባልሰማ ነበር።

እዚህ ያላችሁ መምህራን፣ በየዓመቱ ስለ «ዲጂታል ክፍያ ተቀባይነት» የሚጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ ብዛት እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። መጠይቅ በትኖ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» የሚያስሞላውን ማለቴ ነው። እስቲ ከተማሪዎቻችሁ ሁለቱን አንድ ሌሊት ማደያ ላይ አስቁሟቸው። ስንት ሰው ሳይቀዳ እንደሚመለስ፣ ለምን እንደሚመለስ ይቁጠሩ። እኔ አብሬያቸው ለመቆም ፈቃደኛ ነኝ፤ ጋቢ ይዤ እመጣለሁ።

ከውጭ ለመጣችሁ፦ ዛሬ ከሰዓት መኪና የምትይዙ ካላችሁ፣ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ የአገር ውስጥ ሲም አውጡ፣ ቴሌብር አስከፍቱ፣ ብር አስገቡበት። ኮከብ 127 መሰላልን እጃችሁ ላይ ጻፉት። ወደ ቢሾፍቱ የምትወርዱም መውጫው ላይ «ካርድ» ስትባሉ የምትሰጡት መግቢያው ላይ የተቀበላችሁትን ነው።

ሐሙስ ማታ ወዳጃችን እራት ላይ ያንን የታክሲ ሾፌር አነሳብኝ። ቨርጂኒያ ኑሮ ከጀመረ በኋላ ማደያ በገባ ቁጥር ፊቱን ይፈልገው እንደነበረ ነገረኝ። ያኔ ስንት ብር እንደሞላለት ጠየቅኩት።

«ሠላሳ ሁለት ዶላር» አለ። ሳንቲሙንም ነገረኝ፣ ረሳሁት።

ምሳ ቀርቧል እየተባልኩ ነው። ጥያቄ ያለው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያግኘኝ።