ልጆቻችን ሥዕል ማንቀሳቀስ ቢማሩ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ «ልጆቻችን በሞባይልና በኮምፒዩተር ሥዕል መሥራት ይማሩ» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ሁለት ቦታ ተከፍለን ነበር። አንዱ ወገን «መቀመጫ ሳይሟላ የምን ሥዕል!» አለ። ሌላው ወገን «ጊዜው የኮምፒዩተር ነው፤ ያለችውን መዋጮ አውጥተን ኮምፒዩተር እንግዛ» አለ። ሥራ አስፈጻሚው አይቶ እንዲያቀርብ ስለታዘዘ፣ ያየነውን እንናገራለን። ምሁራን ነን ብለን አይደለም፤ የእኛ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ልጆች አሉን።

በመጀመሪያ አኒሜሽን የሚባለው ምንድን ነው? ሥዕሉ በእውነት አይንቀሳቀስም፤ የሚታለለው ዓይናችን ነው። በጥቂት በጥቂቱ የሚለያዩ ሥዕሎች በፍጥነት ሲከታተሉ ዓይን አንድ እንቅስቃሴ አድርጎ ያያቸዋል። በሲኒማ በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ያልፋል። ለልጆች ሥራ 12 ይበቃል። በደብተር ጠርዝ ላይ ወፍ እየሣሉ በአውራ ጣት ሲያገላብጡ ወፏ ክንፏን ታራግባለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ለእኛም ቢሆን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የቅዱሳን ገድል በተርታ ተሥሎ ይታያል፤ ፊደል ያልቆጠሩ አያቶቻችን ታሪኩን ከሥዕል ወደ ሥዕል እየተከተሉ ያውቁት ነበር።

በአገራችን በዚህ መንገድ የተሠራ ሥራ አለ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችኋል። የጀመረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። ከባለቤቷ ጋር ሆና ከካልሲ በተሠሩ አሻንጉሊቶች፣ በገዛ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ እየቀረጹ ነው የተነሡት። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ በአማርኛ እየተናገረች ስንቱን ሕፃን አስተማረች። ብሩክታዊትም በ2002 ዓ.ም. ሮሌክስ ለወጣቶች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። እንግዲህ ልብ እንበል፤ መነሻው ካልሲና የአስተማሪ ሐሳብ እንጂ ውድ መሣሪያ አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር፣ ማየት ሌላ ነው፤ መሥራት ሌላ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሁለተኛ ደረጃ የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት ሲመጣ ወንድምና እህቶቻችን ተምረውበታል። ጥሩ ሥዕል ይታይ ነበር። ግን ቴሌቪዥኑ «ገባችሁ ወይ?» ብሎ ቆሞ አይጠብቅም፤ መብራት ከሄደም ትምህርቱ አብሮ ይሄዳል። በሌላ በኩል በ2004 ዓ.ም. በወንጪ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ታብሌት ተሰጥቶ ነበር። ካሜራው እንዳይሠራ ተዘግቶ ሳለ፣ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ መላውን አግኝተው እንደከፈቱት ሥራውን የመሩት ሰዎች ተናግረዋል። ልጅ ከተመልካችነት ይልቅ ሠሪ መሆን እንደሚወድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን አለ?

ታዲያ ኮምፒዩተሮቹን እንግዛ? አሁን አይሆንም እንላለን። ስሙን በማንጠራው አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ከነካርቶናቸው ተቆልፈው አቧራ ሲጠጡ በዓይናችን አይተናል። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ነው፤ አስተማሪውም «ብትበላሽ በእኔ ላይ ነው» ብሎ አይነካትም። የሕዝብ ገንዘብ እንደዚያ እንዲቀር አንፈልግም።

ሥራ አስፈጻሚው የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ አንድ ካሜራው ደህና የሆነ ሞባይል ከአባላት መካከል በውሰት ይገኝ። ሲም ካርዱ ይውጣ። ሥዕሎቹን የሚያያይዘው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አናጢው አባላችን ስልኩ ሳይነቃነቅ የሚቆምበትን የእንጨት ማቆሚያና የሚቆለፍ ሣጥን ይሥራ።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ ትምህርታቸውን ራሱን ይሣሉት። ባቄላ በጣሳ ዘርተው በየቀኑ ከአንድ ቦታ ፎቶ ቢያነሡት፣ የሁለት ሳምንት እድገት በአንድ ትንፋሽ ይታያል። ዝናብ አፈራችንን ጠርጎ ወደ ጀማ ሸለቆ እንዴት እንደሚያወርድ፣ እርከን ሲሠራ ደግሞ እንዴት እንደሚያዝ በሥዕል ያሳዩ። ይህን የሣለ ልጅ አይረሳውም።

ሦስተኛ፣ ሥራው በኅብረት ይሁን። የአሥር ሴኮንድ አኒሜሽን 120 ሥዕል ይፈልጋል። ለአንድ ልጅ ብዙ ነው፤ 40 ልጅ ሲካፈለው ግን ለእያንዳንዱ ሦስት ሥዕል ይደርሰዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ይኸው አይደለም እንዴ? ሴቶች ልጆችም ውኃ ቅጂ፣ ልጅ ያዢ እየተባሉ እንዳይቀሩ እናቶችንም አባቶችንም አደራ እንላለን። ስልኩን መያዝም በተራ ነው።

አራተኛ፣ የልጆች ፊት አይነሣ፤ ሥዕላቸው ብቻ ይነሣ። ስልኩ ቢበላሽ ኃላፊነቱ የማኅበሩ ነው እንጂ የአስተማሪው አይደለም። ይህ በቃለ ጉባኤ ካልተጻፈ ሥራው ከሣጥን አይወጣም።

ሙከራው ስድስት ሳምንት ይቆይ። ከዚያ ልጆቹ የሠሩትን በዚሁ አዳራሽ ለወላጆች ያሳዩ። ከጠቀመ ስለ ታብሌት ያን ጊዜ እንነጋገራለን፤ ስክራች የተባለው የታወቀ የልጆች ፕሮግራም በአማርኛም ስለሚሠራ ቋንቋው አያስቸግርም። ካልጠቀመ የከሰርነው ወረቀትና የአናጢ ድካም ነው። የመዋጮው ገንዘብ ግን ዛሬውኑ ለመቀመጫ ይዋል። መቀመጫ ይቅደም ያላችሁት ወገኖች እውነት አላችሁ፤ ሆኖም መቀመጫ ላይ የተቀመጠ ልጅ የሚሠራው ነገር ያስፈልገዋል።

ሐሳባችን ይኸው ነው። የሚቃወም ይናገር፤ የሚደግፍም እጁን ያውጣ። ስልክ የሚያውሰንም ሰው ዛሬውኑ ስሙን ያስመዝግብ።