ስለ ሕፃናት ጅምናስቲክ፤ ለጤና የሚደረገውና ለሽልማት የሚደረገው

ለሮብ ገበያ መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



የልጅ ሰውነት እንደ ለጋ ተክል ነው፤ በልክ ቢንከባከቡት ይጸናል፤ ያለ ጊዜው ቢጫኑት ግን ይጎብጣል። ስለዚህ ጅምናስቲክ በትምህርት ቤት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ከማለት አስቀድሞ፥ ለማንና ለምን እንዲሰጥ መመርመር ይገባል። ጅምናስቲክ ማለት መዝለል፥ መንጠልጠል፥ መገለባበጥና ሚዛን ጠብቆ መቆም በሥርዐት የሚለመድበት ትምህርት ነው። አደራረጉም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ልጆች ሁሉ ለጤናና ለደስታ የሚያደርጉት ነው። ሁለተኛው ጥቂቶች ተመርጠው ለሽልማት የሚወዳደሩበት ነው።

የነገሩ ታሪክ እንዲህ ነው፤ ዘመኑም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ1811 ፍሪድሪሽ ሉድቪግ ያን የተባለ መምህር በበርሊን ሜዳ ከፍቶ ወጣቶችን በመሣሪያ ላይ ማለማመድ ጀመረ። በ1813 ደግሞ ፔር ሄንሪክ ሊንግ በስዊድን፥ በስቶክሆልም ከተማ፥ የጅምናስቲክ መምህራን የሚሠለጥኑበትን ትምህርት ቤት አቆመ። የሊንግ ሐሳብ ማን ማንን ይበልጣል የሚል ሳይሆን፥ የሰውነት ክፍል ሁሉ በተራው ይጠነክር ዘንድ ነበር። በ1881 የአውሮፓን የጅምናስቲክ ማኅበሮች አንድ ያደረገው የቤልጅግ ሰው ኒኮላ ኩፔሩስም ውድድርን አይወድም ነበር። ሆኖም በ1896 በአቴና በተደረገው ኦሎምፒክ ጅምናስቲክ ከውድድሮቹ አንዱ ሆነ። በ1953 በሆላንድ፥ በሮተርዳም የተጀመረው ጅምናስትራዳ የተባለው ታላቅ በዓል ግን እስከ ዛሬ ያለ ውድድር ይከበራል።

ውድድር ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ ትጋትንና ትዕግሥትን ያስተምራል። ነገር ግን ለሕፃን ዋጋው ከባድ ነው። የሩማንያዋ ናዲያ ኮማኔቺ በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ፥ በ14 ዓመቷ፥ ፍጹም የሆነውን 10 ነጥብ ባገኘች ጊዜ ዓለም ተደነቀ። ከዚያ ወዲህ ግን የዓለም የጅምናስቲክ ማኅበር ለሴቶች ታላላቅ ውድድር የሚፈቀደውን ዕድሜ በ1981 ወደ 15፥ በ1997 ወደ 16 ዓመት ከፍ አደረገው። የልጅ አጥንት በጫፎቹ ገና ለጋ ስለሆነ፥ አንድ ዐይነት ዝላይ ወይም በእጅ መቆም እጅግ ሲደጋገም የእጅ አንጓና ወገብ ይጎዳሉ።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ሮብ ገበያ በጮቄ ተራራ አቅራቢያ ያለ ደጋ ነው። ልጆቹ ከብት ይጠብቃሉ፥ ውሃ ይቀዳሉ፥ ዳገት ወጥተው ይማራሉ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ «ልጁ በሥራ ደክሞ ሳለ መዝለል ምን ያደርግለታል?» ቢል ያለ ምክንያት አይደለም። መልሱ ግን ይህ ነው፤ ሸክም አንዱን ጅማት እየደጋገመ ያደክማል፥ ጀርባንም ያጎብጣል፤ በልክ የተሰጠ ጅምናስቲክ ግን ሰውነትን ያፍታታል፥ ልብንም ያስደስታል። ነገሩም ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል፤ የገመድ ዝላይ እግርንና ሳንባን ያጠነክራል፤ በገና ጨዋታም ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ፥ ጌታም አይቆጣም።

አንድ መምህር 60 ተማሪዎች ኖረውት ለውድድር 6 ብቻ ቢመርጥ፥ 54ቱ በአጥር ሥር ተቀምጠው ይመለከታሉ። ከእነርሱም መካከል ደካማው፥ እግሩ የታመመውና ዓይናፋሯ ልጅ ይገኛሉ፤ ትምህርቱ ይልቁን የሚያስፈልገው ለእነርሱ ነበር። ዋንጫው በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይቀመጣል፤ ኀፍረቱ ግን ከልጁ ጋራ ወደ ቤት ይሄዳል።

ስለዚህ መምህራን የሚከተለውን ይጠብቁ።

1ኛ፤ ወንዱም ሴቷም፥ ብርቱውም ደካማውም እንደ ዐቅማቸው ይለማመዱ።

2ኛ፤ ሜዳው ድንጋዩ የተለቀመ ይሁን፤ መገለባበጥም ጭድ በተመላ ጆንያ ላይ ይደረግ።

3ኛ፤ የታመመ ወይም ሳይበላ የመጣ ልጅ አይገደድ፤ በጾም ወራትም ልምምዱ ይቅለል።

4ኛ፤ ልጁ ከባልንጀራው ጋራ አይመዘን፤ ትናንት ያልቻለውን ዛሬ በመቻሉ ይመስገን።

5ኛ፤ ውድድር ቢያስፈልግ ለትልልቆቹ፥ በፈቃዳቸው፥ እንደ ገና ጨዋታም በወገን በወገን ይሁን።

ከሽማግሌዎች ደግሞ ሁለት ነገር ይጠበቃል። አንደኛው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ባይኖረው ከግጦሹ ጥቂት መሬት እንዲፈቀድለት መምከር ነው። ሁለተኛው ሴት ልጅ ለሴት ነውር ነው ተብላ እንዳትከለከል ወላጆችን ማስረዳት ነው፤ የእርሷም አጥንት እንደ ወንድሟ መጠንከር ይገባዋልና።

አንድ ልጅ ቢያሸንፍ ትምህርት ቤቱ ለአንድ ቀን ይመሰገናል፤ ልጆች ሁሉ በጤና ቢያድጉ ግን አገር ለዘመናት ትጠቀማለች።