ለምን አልቀየረውም?

ዛሬ የማወራው ስለ ቤዝቦል ነው። አትሳቁ! እኔም በቶኪዮ ኦሎምፒክ የእስራኤል ቡድን ሲጫወት እስካይ ድረስ ምኑም አይገባኝም ነበር።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የወርዋሪ ክንድ ይደክማል፣ ስለዚህ ሌላ ወርዋሪ ተቀይሮ ይገባል። ማን፣ መቼ ይግባ የሚለው ላይ ነው የአሰልጣኙ ብልሃት የሚታየው። በአሜሪካ ኮሌጆች ደግሞ ብልሃቱ ብዙ ነው። በትልቁ ሊግ ከ2020 ጀምሮ ተቀይሮ የገባ ወርዋሪ ባብዛኛው ቢያንስ ሦስት መቺ መግጠም አለበት፤ በኮሌጅ ግን ለአንድ መቺ ብቻ ገብቶ ሊወጣ ይችላል። በክሬይተን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፓት ቬንዲቲ የሚባል ልጅ በቀኝም በግራም ይወረውር ነበር። ጓንቱ ስድስት ጣት ነበረው! አሰልጣኙ አንድ ሰው አስገብቶ ሁለት ሰው አገኘ ማለት ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ግንቦት 30 ቀን 2009፣ ኦስቲን ከተማ፣ ቴክሳስ ከቦስተን ኮሌጅ። ጨዋታ 9 ኢኒንግ ነው፤ ይሄኛው 25 ሄደ፣ ከ7 ሰዓት በላይ ፈጀ። በ7ኛው ኢኒንግ ኦስቲን ዉድ ተቀይሮ ገባ። እንደሱ ያለ ወርዋሪ አንድ ሁለት ኢኒንግ ወርውሮ ነው የሚወጣው፤ በዚያ ላይ በዋዜማውም ወርውሯል። እሱ ግን 13 ኢኒንግ ቆየ። 169 ውርወራ! አንድም ነጥብ አላስገባም። በወዲያኛው ቡድን ማይክ ቤልፊዮሬ 129 ወረወረ፤ እሱም አንድ ነጥብ አላስቆጠረም። ቴክሳስ 3 ለ 2 አሸነፈ።

ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። በኋላ ግን ብዙዎች አሰልጣኙን ኦጊ ጋሪዶን ወቀሱት፦ ለምን አልቀየረውም? የልጅ ትከሻ እኮ ጎማ አይደለም፣ ሲበላሽ አይቀየርም። ቤልፊዮሬ በ2013 ትልቁ ሊግ ደርሶ አንድ ጨዋታ ተጫወተ። ዉድን በ2009 ዲትሮይት ታይገርስ መረጠው፤ ትልቁ ሊግ ግን አልደረሰም። በዚያ ሌሊት ምክንያት ነው አልልም፣ ወርዋሪ በብዙ ነገር ይቀራል።

ግን በኔ ዕድሜ ያለ ልጅ፣ ሕዝብ ስሙን እየጠራ፣ «ደህና ነህ ወይ?» ቢባል ምን ይላል? እኔ ብሆን ክንዴ ቢቆረጥም «ደህና ነኝ» ነው የምለው። ለዚህ ነው ጥያቄው ለልጁ ብቻ መተው የለበትም የምለው። ውሳኔው የትልቁ ሰው ነው።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አባቴን «እርስዎ ቢሆኑ ስንተኛው ላይ ያወጡት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እኔ 12ኛው ላይ ብዬ ነበር። እሳቸው ትንሽ አሰቡና «ትናንት ወርውሯል አላልክም? መጀመሪያውኑ አላስገባውም» አሉኝ።