በሕዝብ ዘንድ ስለሚወደዱ ስፖርቶችና በጋዜጣ ስለሚሰጣቸው ስፍራ
(ለከተማ ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በየከተማው የእግር ኳስ ጨዋታ ያለ እንደ ሆነ ሕዝቡ ከአጥር ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሎ ይመለከታል። በዚያው ቀን ከከተማው ዳር የሩጫ ውድድር የተደረገ እንደ ሆነ ግን ከዳኞችና ከሯጮቹ ዘመዶች በቀር ቆሞ የሚያይ ጥቂት ነው። በማግሥቱ ጋዜጣ ሲገለጥም የኳሱ ዜና አንድ ዓምድ ሲሞላ የሩጫው በሦስት መስመር ያልቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ አይገኝም። ስለዚህ ነገር ሁለት ዐይነት አስተያየት ሲነገር ይሰማል። አንዳንዶች ጋዜጣ የሚጽፈው ሕዝብ የሚወደውን ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሕዝብ የሚወደው ጋዜጣ የጻፈለትን ነው ይላሉ። የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለቱም አስተያየቶች እውነትነት ያላቸው መሆኑን ማስረዳት፣ ከዚህም የተነሣ በዜና ጸሐፊዎችና በአስተዳደር ሠራተኞች ላይ የሚወድቀውን ኃላፊነት ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው አንድን ስፖርት የሚወድበት ምክንያት ሦስት ነው ለማለት ይቻላል። አንደኛው ቅርበት ነው፤ በደጁ የሚያልፈውን ነገር ማንም ወጥቶ ያያል። ሁለተኛው የወጪው ማነስ ነው፤ ድኻ ልጅ ሊጫወተው የሚችለው ጨዋታ ብዙ ወዳጅ ያገኛል። ሦስተኛው የወሬው መድረስ ነው፤ ስሙን ያልሰማውን ጀግና የሚያመሰግን ሰው የለም።

የእግር ኳስ ጨዋታ ሕጉ በለንደን ከተማ በ1863 ተጽፎ በጥቂት ዘመን ዓለምን የዞረው በሁለተኛው ምክንያት መሆኑ አያጠራጥርም። ከጨርቅ የተጠቀለለ ኳስና የጎል ምልክት የሚሆኑ አራት ድንጋዮች ከተገኙ ጨዋታው ይጀመራል። በአፍሪካ ቀንድም እንዲሁ ሆነ። የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 በካርቱም ሲጀመር የተጫወቱት ሱዳን፣ ግብጽና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። በጥር ወር 1962 በአዲስ አበባ በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ የኢትዮጵያ ቡድን ከግብጽ ጋር 2 ለ 2 ከተለያየ በኋላ በተጨመረው ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ። የቡድኑ አለቃ የአሥመራው ተወላጅ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው ከዚያ በኋላ በ1964 ስለ ሆነ ሜዳ ያልገባው ሕዝብ ድሉን ያወቀው በሬዲዮ፣ በጋዜጣና በሰው አፍ ነበር። ወሬው ግን ከሜዳው ይልቅ ሰፊ ነበረ።

ሦስተኛው ምክንያት ከቀሩት ሁለቱ የበረታ መሆኑ የታየው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1992 የተቋቋመው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሳተላይት ቴሌቪዥን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ከገባ ጀምሮ ብዙ ወጣት የማንቸስተርንና የለንደንን ተጫዋቾች ስም ከነማልያ ቁጥራቸው ያውቃል፤ የሰፈሩን ቡድን ግብ ጠባቂ ግን ስሙን አያውቅም። ማንቸስተር ሩቅ ነው፤ የሰፈሩ ሜዳ ግን ቅርብ ነው። ሩቁን ቅርብ፣ ቅርቡንም ሩቅ ያደረገው በየሳምንቱ የሚነገረው ወሬ ነው።

ስለ ብስክሌት ውድድር የሚነገረው ታሪክ ይህንኑ በሌላ መንገድ ያስረዳል። የፈረንሳይን አገር የሚዞረውን ታላቁን ውድድር በ1903 የጀመረው ሎቶ የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ ነው። ተወዳዳሪ የሆነበትን ሌላ ጋዜጣ ለመብለጥ ባሰበ ጊዜ ይህን ውድድር አቆመ፤ የሚሸጠውም ቅጂ ከእጥፍ በላይ አደገ። በኢጣሊያም የዚህ ዐይነቱን ውድድር በ1909 ያቋቋመው ላ ጋዜታ ዴሎ ስፖርት የተባለው ጋዜጣ ነው። የፈረንሳዩ ጋዜጣ በቢጫ ወረቀት፣ የኢጣሊያው በሮዝ ወረቀት ይታተሙ ስለ ነበር መሪዎቹ የሚለብሱት ሹራብ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ቢጫ፣ በዚህ ሮዝ ሆኖ ቀርቷል። ጋዜጦቹ ይህን ስፖርት የመረጡበትም ምክንያት አላቸው። በሜዳ የሚደረገውን ጨዋታ ተመልካቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየዋል። በመንገድ የሚያልፈውን ብስክሌተኛ ግን ለአንድ አፍታ ብቻ ያየዋል፤ ከዚያ በፊት ምን እንደ ተደረገ፣ በኋላም ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ ጋዜጣ መግዛት ግድ ይሆንበታል።

ብስክሌት ወደ ኤርትራ የገባው በኢጣሊያኖች እጅ ነው። በፋሺስት ዘመን የአገሩ ተወላጆች ከኢጣሊያኖች ጋር እንዳይወዳደሩ ተከልክለው ነበር፤ ነገር ግን በ1939 አብረው እንዲሽቀዳደሙ በተፈቀደ ጊዜ ገብረ ማርያም ገብሩ የተባለው ኤርትራዊ አሸነፈ። ጂሮ ዲ ኤርትራ የሚባለው ውድድር በ1946 ተጀመረ፤ ኋላም ለብዙ ዘመን ተቋርጦ በ2001 እንደገና ቆመ። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ ምጽዋ የሚወርደውም መንገድ በ115 ኪሎ ሜትር ውስጥ እስከ ባሕር ጠርዝ ያደርሳል። እንዲህ ያለው አገር ለብስክሌተኛ ታላቅ ትምህርት ቤት ነው። ብስክሌተኞቹ በከተማው ጎዳና ስለሚያልፉም ሽማግሌው ከቡና ቤት ወንበሩ ሳይነሣ፣ እናትም ከደጃፏ ሳትርቅ ውድድሩን ያያሉ። በዚህ ዐይነት ቅርበትና ወሬ በአንድነት ሲሠሩ ልጆች ሁሉ ብስክሌተኛ ለመሆን ይመኛሉ።

ፍሬውም ታየ። በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖት በፈረንሳዩ ውድድር በተራራ መውጣት ለሚመራው የሚሰጠውን ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን ሹራብ ከአፍሪካውያን ሁሉ ቀድሞ ለበሰ። በ2022 ቢንያም ግርማይ ጌንት ቬቬልገም የተባለውን የቤልጂግ ውድድር አሸነፈ፤ በ2024 ደግሞ በፈረንሳዩ ውድድር በሦስት ቀን ጉዞ አንደኛ ወጥቶ እስከ መጨረሻው አረንጓዴውን ሹራብ እንደ ለበሰ ጨረሰ። በ2004 በአቴና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ሦስተኛ ወጥቶ ለኤርትራ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳይ ያስገኘው ዘርእሰናይ ታደሰም አስቀድሞ ብስክሌተኛ ነበር። እንግዲህ ለአንዱ ስፖርት የተሰጠ ፍቅር ለሌላውም ስፖርት ሰው ያፈራል ማለት ነው።

ወሬ ያልተነገረለት ስፖርት ምን እንደሚሆን ደግሞ የኢትዮጵያ የኦሎምፒክ ታሪክ ያሳያል። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1956 በሜልቦርን ነው። የላከቻቸውም ሯጮችና ብስክሌተኞች ነበሩ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የነበረችበት ዘመን ስለ ሆነ በብስክሌቱ ወገን የአሥመራና የአዲስ አበባ ልጆች በአንድ ቡድን ተሰለፉ። ዛሬ ግን በመንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ስለ ሜልቦርን ቢጠይቁት ገረመው ደንቦባንና ጓደኞቹን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ምክንያቱም ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ10 ሴፕቴምበር 1960፣ በአገሩ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ፤ የሮም ኦሎምፒክም በአውሮፓ አገሮች በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላልፎ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሩጫ የአገር ክብር ተባለ። አበበ የሚገባውን ክብር አገኘ፤ ብስክሌተኞቹ ግን ከወሬው ውጭ ሆነው ቀሩ።

ከዚያው ከሜልቦርን ሌላ ትምህርት ይገኛል። በ800 እና በ1,500 ሜትር ሮጠው ከማጣሪያው ሳያልፉ ከቀሩት መካከል ማሞ ወልዴ ይገኝበታል። በ1968 በሜክሲኮ የማራቶን አሸናፊ የሆነው እርሱ ነው። ከኋላ የቀረ ሰው የማይረባ ነው ተብሎ ስሙ ቢጣል ኖሮ አሥራ ሁለት ዓመት የሚጠብቀው ባልተገኘም ነበር።

ሩጫ ምንም እንኳን ክብር ቢያገኝ በሕዝብ ዓይን የሚታየው በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ መሆኑ ጉዳት ነበረው። ይህን ያሻሻለው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያቋቋመው ታላቁ ሩጫ ነው። በ2001 በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ 10 ሺህ ያህል ሰዎች በአንድነት ሮጡ። ሩጫው ወደ ሕዝቡ ደጅ በመጣ ጊዜ ሠራተኛውም ተማሪውም የቤት እመቤቷም ሯጭ ሆኑ፤ ጋዜጦችም የሚጽፉት አገኙ።

የሴቶች ስፖርት ከሁሉ ይልቅ በዝምታ ተጎድቷል። በኦሎምፒክ ሴቶች ማራቶን የሮጡት ገና በ1984፣ 10 ሺህ ሜትርም በ1988 ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በዚሁ 10 ሺህ ሜትር አሸንፋ ለጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ስታስገኝ ርቀቱ ለሴቶች ከተከፈተ አራት ዓመቱ ብቻ ነበር። ይህም ሆኖ በየአውራጃው የውድድር ዜና ውስጥ የወንዶቹ ስምና ሰዓት ከተዘረዘረ በኋላ «ሴቶችም ተወዳድረዋል» ተብሎ መታለፉ የተለመደ ነው። ይህን የምታነብ ልጅ ድካሟ ከቍጥር እንደማይገባ ትረዳለች፤ አባቷም እንዲሁ ይረዳና ወደ ሜዳ መሄዷን ይከለክላል። የባላገሩ የገና ጨዋታና ጉግስም ቢሆኑ ሕዝብ በደስታ የሚሰበሰብባቸው ሲሆኑ ማን እንዳሸነፈና እንዴት እንደ ተጫወቱ የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ጋዜጣ ንግድ ነው፤ አንባቢ የማይፈልገውን ቢያትም ይከስራል» ቢል ንግግሩ ከንቱ አይደለም። ሥር የሌለውን ስፖርት ወሬ ብቻ አያበቅለውም፤ ተራራና መንገድ ባይኖር፣ የኤርትራም ልጅ ብስክሌት ባይወድ፣ ማንም ጋዜጣ ብስክሌተኛ ሊያደርገው ባልቻለ ነበር። ነገር ግን የፓሪሱ ጋዜጣ ሕዝቡ ያልጠየቀውን ውድድር አቁሞ ሕዝቡን አስወድዷል፤ አልከሰረምም። እንዲሁም ለመንግሥት ሥራ የሚታተም የዜና ወረቀት የሚኖረው በሽያጭ ሳይሆን በሕዝብ ገንዘብ ነው። ኳስ የማይጫወተውም ሰው ግብር ከፍሏልና ልጁ ያደረገውን ሩጫ በወረቀቱ ላይ ሊያገኘው መብቱ ነው።

ስለዚህ በየከተማው ሊፈጸሙ የሚችሉ አራት ነገሮች አሉ፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ማናቸውም ውድድር ከመደረጉ አስቀድሞ ቀኑ፣ ሰዓቱና የሚያልፍበት መንገድ በዜና ወረቀትና በድምፅ ማጉያ ይነገር። ካለፈ በኋላ የሚነገር ወሬ ተመልካች አያመጣም።

ሁለተኛ፣ ውጤት ሲጻፍ የተወዳዳሪው ስም ከነአባቱ፣ ርቀቱና ሰዓቱ፣ የሴቶችም እንደ ወንዶቹ፣ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ይጻፍ። ሰዓቱ ያልተመዘገበለት የገጠር ልጅ ለአገር ቡድን መራጮች እንዳልሮጠ ይቈጠራል፤ በዓመቱ ቢሻሻልም ምን ያህል እንደ ተሻሻለ የሚያውቅለት አይኖርም።

ሦስተኛ፣ የተጻፈው ሁሉ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ይቀመጥ። ከተማ ሲሰፋ ባዶ ሜዳ ሁሉ ለቤት መሥሪያ ይፈለጋል። በየሳምንቱ ልጆች የሚሮጡበትና የሚጫወቱበት መሆኑ በጽሑፍ ያልታወቀ ሜዳ ማንም የማይጠቀምበት መሬት ተብሎ በቀላሉ ይሰጣል፤ ከተሰጠም በኋላ አይመለስም። መዝገቡ ግን ለሜዳው ምስክር ይሆናል።

አራተኛ፣ መንገድ ለውድድር ሲዘጋ ፖሊሱም ነጋዴውም ባለ መኪናውም አስቀድመው ይወቁ። ሳይነገራቸው የተዘጋባቸው ሰዎች ስፖርቱን ይጠሉታል፤ የተነገራቸው ግን ከሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ያጨበጭባሉ።

እግር ኳስን የሚወድ ሕዝብ ከፍቅሩ አንዳች እንዲቀንስ የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው የዜና ወረቀቱ በሚወጣበት ሳምንት ለሌላውም ስፖርት ጥቂት መስመር እንዲተርፍለት፣ በዚያም መስመር ላይ ያሉት ስሞች በትክክል እንዲጻፉ ነው። ጸሐፊው ይህን ሲያደርግ፣ ሹሙም መዝገቡን ሲጠብቅ፣ በሚመጣው ዘመን የሚያሸንፈው ልጅ ገና ከኋላ ሲሮጥ የሚያውቀው ሰው ይኖራል።