ዕድራችንና የአራስ ቤት
(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአባላት አንዷ ያሰማችው ንግግር)

ዕድር ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር፣ ጡሩንባና መዋጮ ነው። በዚህ ጉባኤ ላይም በየዓመቱ የሚነገረው ይኸው ነው። ዘንድሮ ግን ኮሚቴው «የወጣት እናቶችንም ሐሳብ እንስማ» ብሎ ዕድሉን ስለ ሰጠኝ እያመሰገንኩ፣ ከቤቴና ከመንገዴ ያየሁትን ጥቂት ላጫውታችሁ ተነሥቻለሁ። ነገሩ መጀመሪያ ላይ ከዕድር የራቀ ቢመስላችሁ ታገሡኝ። ዞሮ ዞሮ እዚሁ ድንኳናችን ሥር ይገባል።

እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ትንሹ ገና ዓመት አልሞላውም። ባለቤቴም እኔም በቅጥር ሥራ የምንተዳደር ነን። ውሎዬን ብነግራችሁ ብዙዎቻችሁ የራሳችሁን ቤት ታዩበታላችሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ትንሹ ለጡት ይነሣል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ተራችን የደረሰ ሌሊት በአንድ እጄ ልጁን ታቅፌ በሌላው ጀሪካን እሞላለሁ። ቀጥሎ የትልቋ ምሳ ዕቃ፣ ቀጥሎ የጨርቅ ማጠብ፣ ቀጥሎ የታክሲ ሰልፍ ነው። ባለቤቴ ልጅቱን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ እኔ ትንሹን ለሞግዚቷ አስረክቤ እወጣለሁ። ማታ ስመለስ ልጁ ድምፄን ከበር ሲሰማ የሚያሰማው ልቅሶ የናፍቆት ይሁን የወቀሳ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እሑድ ደግሞ የሳምንቱ ወጥ ይሠራል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ልብሱ ይታጠባል። በዚህ ሁሉ መሐል ጡሩንባ ከተነፋ ነጠላ ዘቅዝቆ መውጣት ነው።

ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። እናቶቻችን ከዚህ የባሰውን ችለው አሳድገውናል። ነገር ግን እነሱ ሲያሳድጉን አያት አጠገባቸው ነበረች፣ አክስት ነበረች፣ ጎረቤቱ ሁሉ የልጅ አሳዳጊ ነበር። የዛሬዋ እናት ብዙ ጊዜ ከነልጇ ብቻዋን በር ዘግታ የምትውል ናት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ እንኳ ይህን እያየ መጥቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ከወሊድ በኋላ ያለውን ወደ 90 ቀን አሳደገው። ለአባትየውም ከነሙሉ ደመወዙ 3 ቀን ሰጠው። ሦስት ቀን ምን ትሆናለች የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አራሷ ገና ቀና ሳትል ያልቃል። ያም ሆኖ ሕግ አውጪው አባት አራስ ቤት ውስጥ ሥራ እንዳለው ማመኑ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ አራስ ጥየቃ የራሴን አስተያየት ልናገር፣ እናቶቼ አትቀየሙኝ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ መገባቱ፣ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የአራሷ መታረስ፣ ይህን የመሰለ ወግ በዓለም ያለ አይመስለኝም። እኔ በሁለቱም ወሊዴ በጎረቤት እጅ ነው የተነሣሁት። ነገር ግን ገንፎው ለእናትየው እንጂ ለሕፃኑ አይደለም። ጨቅላን ቅቤ ማዋጥ፣ እንገሩን ቆሽሿል ብሎ አልቦ መድፋት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ እነዚህ ቢቀሩ እላለሁ። እንገር ማለት የልጁ የመጀመሪያ ክትባት ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ሐኪሞች የሚሉት እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃ እንኳ ሳይጨመር፣ ከዚያ ምግብ እያለማመዱ ጡቱን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ነው። ደግሞም ጨቅላ አልጠባም ካለ፣ ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው «ጥርስ ሊያበቅል ነው፣ ዓይን ነው» ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ክትባቱም በተወለደ ጊዜ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ቀጥሎም በ9 ወር መኖሩን ጠያቂ ሁሉ ለአራሷ ቢያስታውሳት ከአንድ ኪሎ ስኳር የበለጠ ስጦታ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልውሰዳችሁ። ትልቋ ልጄ የአምስት ወር ሕፃን ሳለች፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም.፣ የባለቤቴ እናት የልጅ ልጃቸውን እንዲያዩ ብለን ወደ ደሴ ሄድን። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕፃን ይዞ መጓዝ እንደ ብቻ ጉዞ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ስለሚገባ ልጅቱን በጋቢ ጠቅልዬ ይዣት ነበር። ከዚያ ጣርማ በር ደረስን፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን የዋሻ መንገድ አልፈን ቁልቁለቱን ያዝነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ደብረ ሲናን አልፎ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲወረድ 1300 ሜትር ግድም ይደረሳል። መንገዱም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ጆሮው ሲደፈንበት ምራቁን ውጦ ይገላገላል። ሕፃን ግን ይህን አያውቅምና ይጮኻል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሲጀመር ጡት መስጠት ነው፤ ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል። አጠገቤ የነበሩ አንዲት የወሎ እናት ይህን ነግረውኝ ልጄ ዝም ብላ እየጠባች ወረደች። ከኋላችን የነበረው ሕፃን ግን እስከ ደብረ ሲና አለቀሰ፤ በመጨረሻም ምክሩ ለእናቲቱ ተላልፎላት እሱም ዝም አለ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጋቢው ወልቆ በስስ ልብስ ሆነች። በአንድ ቀን ክረምትና በጋ ያሳየ መንገድ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ለሕፃን ጉዞ የምታስቡ ልብሱን እንደ ሽንኩርት በላይ በላዩ አልብሱ፣ የሚበላ ከሆነ ምግቡን ከቤት ያዙ፣ መኪናው ባረፈበት ሁሉ ጨርቁን ቀይሩ።

ደሴ ላይ አንድ ነገር አየሁ፤ ለዛሬው ንግግሬ ምክንያት የሆነኝም እሱ ነው። በወሎ ዕድር «ቅሬ» ይባላል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይሰበሰባል። አንዱ የሌላውን ሙት ይቀብራል፣ ያለቀሰውን ያጽናናል። ቅሬው ግን በመቅበር ብቻ አይቆምም። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ ያስታርቃል፣ ችግር የደረሰበትን ይረዳል። የባለቤቴ እናት «ቅሬ የሙት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው በሕይወቱ ማን አለኝ ይላል?» አሉኝ። ይህ አነጋገራቸው ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ድረስ መጣ።

እዚህ ስመለስ የሆነውን ልንገራችሁ። ያኔ ተከራይተን የምንኖርበት ሰፈር ሌላ ነበር። ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ያለች ወጣት ሴት ወንድ ልጅ ወለደች። በ12ኛው ቀን ሕፃኑ ሞተ። የዚያ ሰፈር ዕድር ሕፃኑ በመዝገብ አልሰፈረም፣ ክርስትናም አልተነሣም ብሎ ጡሩንባ ሳይነፋ፣ ድንኳን ሳይተከል ቀረ። አባትየው ከሁለት ሰዎች ጋር ጎሕ ሳይቀድ ይዞት ሄደ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየገባን «ሌላ ትወልጃለሽ» አልናት። ሌላ የምንለው አልነበረንም። እሷ መልስ አልሰጠችም። ጡቷ ግን ሕፃኑ መሞቱን አላወቀምና ወተቱ እየፈሰሰ ቀሚሷን ያርስ ነበር። ለዚያች ሴት ሙቷ ሙት አልነበረም ማለት ይቻላልን?

አባቶች «ሕፃን መልአክ ነው፣ አይለቀስለትም» ይላሉ። ይህን አባባል አከብራለሁ። ለሕፃኑ ሙሾ ይውረድ፣ ደረት ይመታ አላልኩም። ሕፃኑ መልአክ ይሁን፤ እናቲቱ ግን ሰው ናት። ደግሞ ነገሩ አልፎ አልፎ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ደግሞ ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ተመስገን የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ከእነዚያ 67 መሐል 29ኙ የሞቱት ገና በመጀመሪያው ወር ነው፣ ማለትም በአራስ ቤት፣ በመዝገብ ሳይሰፍሩ። እንግዲህ ከሕፃናት ሞት ቀላል የማይባለው ክፍል ዕድር በማይቆጥራቸው ቀኖች ውስጥ ይደርሳል ማለት ነው።

ስለ እኛም ዕድር አንድ ነገር ላንሣ። ትንሹን በወለድኩ በሃያኛው ቀን ጡሩንባ ተነፋ። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ክፍለ ሀገር ነበር። ደንባችን ከባልና ከሚስት አንዳቸው ቀብር ይድረሱ ስለሚል ቅጣት ተጻፈብን፤ ከፈልን። ጸሐፊያችን ደንቡን ነው የፈጸሙት፣ ቅር አላለኝም። ቅር የሚለኝ አራስ ማለት ደንባችን ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ አለመጻፉ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ፤

1ኛ. የወለደች አባል ወይም የአባል ሚስት ከወለደችበት ቀን ጀምሮ ለ3 ወር ከቀብርና ከልቅሶ ቤት ሥራ ነጻ ትሁን። ባልየው በእሷ ፈንታ ይድረስ። እሱም በሥራ ምክንያት ከከተማ ርቆ ከሆነ ቅጣት አይጻፍ።

2ኛ. በሕይወት ተወልዶ የሞተ ሕፃን የአንድ ቀን ዕድሜም ቢኖረው በአባል ልጅነት ይቆጠር። ድንኳን ቢያንስ ለአንድ ቀን ይተከል፣ ወንዶች ቀብሩን ያጅቡ፣ ሦስት ሴቶች በተራ ለአንድ ሳምንት እናቲቱን ይጠብቋት። የሚሰጠውን ገንዘብ ልክ ኮሚቴው አጥንቶ ይወስን።

3ኛ. ልጅ ሲወለድ በዕድሩ መዝገብ ይጻፍ። ሁለት እናቶች ተመድበው አራሷን ይጠይቁ፣ የጎደላትን ይዩ፣ ክትባቱን ያስታውሱ። ሞታችንን የሚጽፍ መዝገብ ልደታችንንም ቢጽፍ ወረቀቱ አይጠበውም።

ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ገንዘብ ያዣችንም ከወዲያ ሆነው እያዩኝ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ የሚያስቀረው ጥቂት የቅጣት ብር ብቻ ነው። ሦስተኛው አንድ እስክሪብቶና የሁለት እናቶች ጊዜ ይጠይቃል። ወጪ ያለው ሁለተኛው ነው። ድንኳኑ ግን የራሳችን ነው፣ ወንበሩም የራሳችን ነው፤ መጋዘን ከሚውል ሐዘንተኛ ቢያስጠልል ይሻላል።

«ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው» ለሚሉም መልስ አለኝ። በ1990ዎቹ ኤድስ ቤቱን ሁሉ ሲያንኳኳ፣ በአዲስ አበባ ሕሙማንን ያስታመሙ፣ ወላጅ አልባ የቀሩትን ሕፃናት የደገፉ ዕድሮች ብዙ ነበሩ። ያኔ ደንባችን አይፈቅድም ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ስንቱ ልጅ ሜዳ ላይ በቀረ ነበር። ደንብ የሰው ነው፤ ሰው ሲቸገር ይሻሻላል።

ወንድሞቼ፣ እናንተ አስከሬን መሸከም ታውቁበታላችሁ፤ በዚህ የሚያማችሁ የለም። ሕፃን መሸከምንም ልመዱት። ሚስታችሁ አራስ ስትሆን ልጁን ተቀብላችሁ ሁለት ሰዓት እንድትተኛ ብታደርጓት ከጮማ ሥጋ ይበልጥ ይጠግናታል። እናቶቼ፣ እናንተ ደግሞ ወደ አራስ ቤት ስትገቡ ምክራችሁን ከጆሯችሁ ጋር አምጡት፤ አራስ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጋት የሚሰማት ሰው ነው።

ዛሬ በእጃችን ያለውን ድምፅ ለእነዚህ ሦስት ነጥቦች እንድትሰጡልኝ እለምናለሁ። ሐሳቤን የሚያሻሽል ካለ ያሻሽለው፣ የሚቃወምም ካለ እዚሁ ተነሥቶ ይናገር፤ በውጭ በሹክሹክታ አይቅር። ለቤታችሁ ሁሉ ጤና፣ ለሕፃናቱም ዕድሜ ይስጥልን።