የጋራ ስምሪት፦ አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና አነስተኛ ገቢ ያላቸውን ሠራተኞች በማመላለስ ረገድ የአሜሪካ ልምድ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በአንድ የአሜሪካ ካውንቲ ውስጥ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከአውራ ጎዳና ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል። የአረጋውያን መዋያ ሚኒባስ አራት ሰዎች ይዞ ያልፋል። ወዲያው አካል ጉዳተኞችን ወደ ሥልጠና የሚወስድ ሌላ ሚኒባስ በዚያው መንገድ ይከተላል። ከእርሱም ኋላ አንዲት የኩላሊት ሕመምተኛ ብቻዋን የተቀመጠችበት የሕክምና ማመላለሻ ይመጣል። በፌርማታው ላይ ደግሞ ከከተማ ዳር ወዳለው መጋዘን ለሥራ የሚሄድ ሰው በሰዓት አንዴ የሚመጣውን አውቶቡስ ይጠባበቃል። ሦስቱም መኪኖች ባዶ ወንበር እያላቸው ትተውት ያልፋሉ። ሾፌሮቹ ርኅራኄ ስለሌላቸው አይደለም። እያንዳንዱ መኪና የተገዛበትና ነዳጅ የሚሞላበት ገንዘብ ለማን እንደተመደበ አስቀድሞ በሕግ ስለተጻፈ ነው።

ይህ ሁኔታ እንዴት እንደተፈጠረ መረዳት አያዳግትም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1965 ለድሆች ሕክምና የሚከፍለው ሜዲኬይድ፣ የአረጋውያን ድጋፍ ሕግና ሄድ ስታርት የተባለው የሕፃናት ፕሮግራም በአንድ ዓመት ውስጥ ተወለዱ። ሁሉም የተቋቋሙለት ሰው ከቤቱ ካልወጣ ሥራቸው ከንቱ እንደሚሆን ስለተገነዘቡ በየፊናቸው ጉዞ መግዛት ጀመሩ። በ1970 ኮንግረስ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በሕዝብ ማመላለሻ የመጠቀም መብታቸው ከሌላው ሰው እኩል መሆኑን በሕግ ደነገገ። መብቱ ቢደነገግም አውቶቡሱ አልተለወጠም፤ ስለሆነም በሐምሌ 1978 በዴንቨር ከተማ 19 አካል ጉዳተኞችና ደጋፊዎቻቸው አውቶቡሶችን ከበው ሌሊቱን ጭምር አገቷቸው። አዲስ የሚገዛ አውቶቡስ ሁሉ የዊልቸር ማንሻ ወይም መወጣጫ እንዲኖረው የሚያስገድደው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ የወጣው ግን በ1990 ነው።

ከዴንቨሩ ድርጊት አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1977፣ የኮንግረስ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት መንገደኛ ለማጓጓዝ ገንዘብ የሚያወጡትን የፌዴራል ፕሮግራሞች ቢቆጥር 114 ሆነው አገኛቸው። በ2003 በተደረገው ቆጠራ 62፣ በ2012 ደግሞ 80 ተገኝተዋል። የአቆጣጠሩ ዘዴ ስለተለያየ ቁጥሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር አይገባም። ከቁጥሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የ1977ቱ መርማሪዎች የደረሱበት ሌላ ነጥብ ነው። መሥሪያ ቤቶች መኪናቸውን በጋራ እንዳያሰማሩ በግልጽ የሚከለክል ሕግ አላገኙም። ያገኙት ትልቁ እንቅፋት ምን ያህል መተባበር እንደተፈቀደ ማንም በእርግጠኝነት አለማወቁ ነበር። የሌለ ክልከላ እንደ አጥር ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ትብብሩን በትእዛዝም በድጎማም ለማምጣት ሞክሯል። በየካቲት 2004 ፕሬዚዳንት ቡሽ መሥሪያ ቤቶቹን የሚያስተባብር ምክር ቤት አቋቋሙ፤ በ2005 የወጣው ሕግም ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ማመላለሻ የሚሰጥ ድጎማ በየአካባቢው ከተዘጋጀ የጋራ ዕቅድ ጋር እንዲያያዝ አደረገ። ዕቅዱም በየአካባቢው ተጻፈ። ይሁን እንጂ ዕቅድ መጻፍና መኪና ማሰማራት ለየቅል ናቸው፤ ከመደርደሪያ ያልወረደ ዕቅድ ጥቂት አይደለም።

ትብብሩ የሚጸናውም የሚፈርሰውም በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን በሒሳብ መዝገብ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል የኩላሊት ሕመምተኛዋን 24 ኪሎ ሜትር ለብቻዋ ማድረስ 48 ዶላር፣ በዚያው መስመር ላይ የሚኖሩ አንድ አዛውንትን 6 ኪሎ ሜትር በሌላ መኪና ማድረስ 20 ዶላር ያስወጣል እንበል። ድምሩ 68 ዶላር ነው። ሁለቱ በአንድ መኪና ቢሄዱና ወጪው 54 ዶላር ቢሆን 14 ዶላር ይተርፋል። ይህን 54 ዶላር በሰው ቁጥር እኩል ቢካፈሉት የአረጋውያን መዋያው 27 ዶላር ይደርስበታል፤ ቀድሞ 20 ይከፍል የነበረ ድርጅት ስለ ትብብር ብሎ 7 ዶላር የሚጨምርበት ምክንያት የለም፤ በዓመቱ ይወጣል። በተጓዙት ርቀት ቢካፈሉት ግን የሕክምናው ድርሻ 43 ዶላር ከ20 ሳንቲም፣ የመዋያው 10 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል፤ ሁለቱም ይጠቀማሉ። መኪናው፣ ሾፌሩና መንገዱ ያው ሆኖ ሳለ ማኅበሩን ያጸናው ወይም ያፈረሰው የማካፈያው ስልት ነው። ለዚህም እያንዳንዱ መንገደኛ የት እንደተሳፈረና የት እንደወረደ በትክክል መመዝገብ አለበት፤ አለበለዚያ የሜዲኬይድ ሒሳብ መርማሪ ገንዘቡ ላልተፈቀደለት ሰው አለመዋሉን ማረጋገጥ አይችልም።

ባዶ ወንበር መሙላት ብቻውን ግብ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ወደ ደካማው ይዞራል። የኩላሊት እጥበት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው ወደ አራት ሰዓት የሚወስድ ሕክምና ነው። በጠዋት ስትሄድ ከሌሎች ጋር መሳፈር የምትችል ሴት ስትመለስ ደሟ ታጥቦ፣ አንዳንዴም የደም ግፊቷ ወርዶ ነው። እርስዋን በየሰፈሩ ስምንት ቦታ እያቆሙ አንድ ሰዓት ተኩል ማዞር በመዝገቡ ላይ ቁጠባ ሊመስል ይችላል። ጥሩ የስምሪት ሠራተኛ የሚታወቀው የትኛውን ጉዞ ማጣመር እንደማይገባ በመለየቱ ነው።

ከክፍላተ ሀገሩ ሁሉ ፍሎሪዳ የሄደችበት መንገድ ሊጠና ይገባዋል። በ1979 በሕግ የተጀመረው ትብብር በ1989 ራሱን በቻለ ኮሚሽን ተጠናከረ፤ ለየካውንቲው ተጠያቂ የሆነ አስተባባሪ ተሰየመ፤ ከተሽከርካሪ ምዝገባ ላይ በሚነሣ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚደገፍ ፈንድም አለው። ሆኖም በ2014 ግድም ሜዲኬይድ ሕሙማኑን በጤና መድን ድርጅቶች አማካይነት ማስተናገድ ሲጀምር ጉዞውም አብሮ ወደ እነርሱ ዞረ። ትልቁ ገዢ ሲወጣ የቀሩት የመኪናውን ወጪ ለብቻቸው ይሸከማሉ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሺንግተን አካባቢ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ ሜትሮአክሰስ የተባለው ማመላለሻ ዋና ከተማይቱንና በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉትን አጎራባች ወረዳዎች በአንድ ስምሪት ያገለግላል። ይህ የ1990ው ሕግ ያስገደደው፣ በቀጠሮ የሚጠራ አገልግሎት ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ወሰን ከመደበኛው የአውቶቡስ መስመር 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ድረስ ሲሆን፣ ክፍያውም ከመደበኛው ታሪፍ እጥፍ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ነገር ግን እርጅና ብቻውን ለዚህ አገልግሎት አያበቃም፤ ድህነትም እንዲሁ። ወደ መጋዘኑ የሚሄደው ሠራተኛ በዚህ በር አይገባም። ለእርሱ ዓይነት ሰዎች በ1998 የተመሠረተው የሥራ ጉዞ ድጎማ በ2012 ለብቻው መቆሙ ቀርቶ ከጠቅላላው የማመላለሻ ድጎማ ጋር ተቀላቅሏል፤ በዚያም ከአስፋልት፣ ከጋራዥና ከአዲስ አውቶቡስ ጋር እየተሻማ ይኖራል።

በልጆቻቸው ተጠርተው ወደዚያ የሄዱ እናቶችና አባቶች ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው በሚጻፈው ቃል ነው። በቅጹ ላይ የሕክምና ባለሙያው «የስኳርና የጉልበት ሕመም አለባቸው» ብሎ ቢፈርም በቂ አይሆንም። ሕጉ የሚጠይቀው የበሽታውን ስም ሳይሆን ሰውየው ወይም ሴትየዋ ያለ ሌላ ሰው ርዳታ ወደ ፌርማታው መድረስ፣ መሳፈርና በትክክለኛው ቦታ መውረድ ይችሉ እንደሆነ ነው። ስንት ሜትር ሄደው እንደሚያርፉ፣ በረዶ በጣለበት ቀን ከደጅ መውጣት ይችሉ እንደሆነ፣ አውቶቡስ ቢቀይሩ መንገዱ ይጠፋባቸው እንደሆነ ተለይቶ መጻፍ አለበት። በበጋ ራሳቸው ተሳፍረው በክረምት ብቻ ማመላለሻው እንዲመጣላቸው የሚፈቅድ ሁኔታዊ ፈቃድም በሕጉ ውስጥ አለ።