ጠላም አልኮል ነው

ጠጅ በተቀዳበት አዳራሽ ይህን ርእስ በማንሳቴ ሳትታዘቡኝ አትቀሩም። ይቅርታ፤ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

እዚህ ሚኒያፖሊስ በሥራ ላይ ሳለሁ አንዲት ነፍሰ ጡር ያገራችንን ልጅ «አልኮል ትጠጫለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ በጭራሽ!» አለች። «ጠላስ? ጠጅስ?» ስላት «እሱማ በዓል ሲሆን» ብላ ሳቀች። አልዋሸችኝም። ለእሷ አልኮል ማለት ውስኪ ነው፤ ጠላ የቤት ነው። ከዚያ ወዲህ በስም እየጠራሁ ነው የምጠይቀው።

ጠላም ጠጅም አረቄም ውስጥ ያለው አልኮል ከውስኪው ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው። እናት ስትጠጣ በእንግዴ ልጁ በኩል ጽንሱ ጋ ይደርሳል፤ የጽንሱ ጉበት ደግሞ እሱን የማስወገድ በቂ አቅም የለውም። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። ያኔ ብዙዋ ሴት የወር አበባዬ ዘገየ እንዴ እያለች ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የሲያትል ሐኪሞች «ፌታል አልኮል ሲንድሮም» ያሉት ጉዳት የልጁን ፊት፣ እድገትና አእምሮ ይነካል፤ መልክ ላይ ሳይታይ በትምህርትና በጠባይ ብቻ የሚወጣም አለ። ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም የሚባል መጠን አልታወቀም።

እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግ የመጠጥ ጠርሙስ ላይ ለነፍሰ ጡር ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ጋንና ብርሌ ላይ ማን ይጻፍ?

እኔም የመጀመሪያ ልጄን ማርገዜን ሳላውቅ ዘመድ ሠርግ ላይ ጠጅ ጠጥቻለሁ። ሳውቅ አፍሬ ለሐኪሜ አልነገርኩም፤ ያውም ነርስ ሆኜ! ልጄ ደህና ናት፤ ይህ ግን ለማንም ማስረጃ አይሆንም። እንዲህ የገጠማችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ባወቁበት ቀን ማቆም ለጽንሱ ይጠቅማል። ለማርገዝ የምታስቡም ከአሁኑ ተዉት።

እናቶቼ፣ በእናንተ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ወጣቷ «አልጠጣም» ስትል «በሞቴ» እንላታለን፤ እምቢ ካለች ደግሞ «አረገዘች እንዴ?» ተብሎ ይንሾካሾካል። ገና ለባሏ እንኳ ያልነገረች ትሆናለች። ምስጢሯ እንዳይወጣ ብላ ትቀምሳለች። እባካችሁ፣ አንዴ እምቢ ካለች ተዉአት።

ለዛሬው ብርዝ በጥብጫለሁ፤ ጠዋት የተሠራ ነው፣ አልፈላም። ከእንጀራው ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ማንም ቢቀዳ ማንም አይጠይቀውም።